ቦይንግ 767 መሬት ላይ እንዴት ይቆማል? በሲሙሌተር ሞዴሎች እግር ላይ የተነሣ ክርክር

የመክፈቻ ጽሑፍ

በሲሙሌተር፣ ማለትም በረራን በኮምፒውተር በሚያስመስል ፕሮግራም፣ ወዳጆች መድረክ ላይ ይህን ውይይት የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ አስቀድሜ ያልኩትን ላስቀምጥ። ባለፈው ቅዳሜ ማታ በሲሙሌተሬ ውስጥ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የተቀባ ቦይንግ 767-300ኢአር ቦሌ ላይ አቁሜ ዙሪያውን ዞርኩት። የአብራሪዎቹ ክፍል እጅግ ያማረ ነው። እያንዳንዱ ማብሪያ ይሠራል፤ በእጅ ብዛት የተፋቀው ቀለም ሳይቀር ይታያል። ወደ ውጭ ወጥቼ እግሩን ስመለከት ግን ልቤ ቀዘቀዘ። አውሮፕላኑ ነዳጁም ጭነቱም ሙሉ እንደሆነ ሰሌዳው ይናገራል። እግሮቹ ግን በክሪክ እንደተነሣ መኪና ተዘርግተዋል፤ የሚያብለጨልጨው የሾክ ዘንግ እስከ ጫፉ ወጥቷል፤ ጎማዎቹም ቅንጣት ሳይጨፈለቁ እንደ ዶቃ ክብ ሆነው ተደርድረዋል። ሲጭን ወደ 187 ቶን የሚደርስ ነገር አስፋልቱን በጣቱ ጫፍ የነካ ይመስላል።

ቅሬታዬ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ የአብዛኞቹ ሞዴሎች እግር ክብደት አይሸከምም የሚል ነው። አውሮፕላን በአየር ላይ ሳለ ክብደቱ አይታይም፤ መሬት ላይ ሲቆም ግን ክብደቱ የሚነበበው በእግሩ ብቻ ነው። እግሩ ከዋሸ ሌላው ሁሉ ሥዕል ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛው ቅሬታዬ ደግሞ ቦጊ የሚባለውን፣ አራቱን ጎማዎች አንድ ላይ የሚይዘውን ወፍራም ብረት ይመለከታል። ይህ ሞዴል ለማረፍ እግሩን ሲዘረጋ የቦጊው የፊት ጎማዎች ወደ ታች ይደፋሉ። 757 እና 777 ግን የኋላ ጎማዎቻቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚመጡት። ስለዚህ ሠሪው ቦጊውን ገልብጦታል ብዬ ደመደምኩ፤ ማስተካከያ ያገኘ ሰው ካለም እንዲያካፍለን ጠየቅኩ።

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ በጨዋ ሰላምታ ጀምሮ ከእኔ ጋር ተስማማ። የአይሱዙ ሾፌር ልጅ ነው። አባቱ ከመርካቶ ጭኖ የሚወጣን መኪና ሸራውን ሳያስገልጡ፣ ባሌስትራውን ብቻ አይተው ስንት ኩንታል እንደያዘ ይገምቱ እንደነበር ጻፈ። ባሌስትራው እንደ ደጋን ጎብጦ የቆመ መኪና ባዶ ነው፤ የተዘረጋው ጭኗል፤ ወደ ታች የተቀለበሰው ደግሞ ከልክ በላይ ጭኗል። የአውሮፕላንም ሾክ እንዲሁ መነበብ አለበት ባይ ነው። ከእሱ በኋላ የጻፉት ብዙዎቹ ወደዚህ ምሳሌ ተመልሰዋል።

መልስ 2

እዚህ ላይ እኔ ታረምኩ። ጸሐፊው የክብደቱን ነገር ተቀብሎ፣ ስለ ቦጊው ያልኩት ግን ፈጽሞ ስህተት እንደሆነ አስረዳ። 767 በአየር ላይ ሳለ የቦጊው የፊት ጎማዎች በእውነትም ወደ ታች ይደፋሉ። እግሩ ወደ ሆዱ ሲታጠፍ ቦጊው ከተዘጋጀለት ክፍል ጋር የሚስማማው በዚያ ዘንበል ብቻ ነው። 757 ተቃራኒው ነው። ሁለቱ በአንድ ዘመን ተነድፈው አንዱ እ.ኤ.አ. በ1981፣ ሌላው በ1982 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረሩ ወንድማማቾች ናቸው፤ የአብራሪ ክፍላቸውም እጅግ ስለሚቀራረብ አንዱን የተማረ ሌላውን ለማብረር የሚቀረው ጥቂት ነው። በእግር አጣጣላቸው ግን አይገናኙም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሁለቱንም ለብዙ ዓመታት ስላበረረ፣ በቦሌ ዙሪያ ቆሞ ሲያርፉ ይመለከት የነበረ ሰው ጽሕፈቱን ሳያነብ በጎማው ዘንበል ብቻ ሊለያቸው ይችል እንደነበር ጨመረ።

ፎቶግራፎች ፈልጌ አመሳከርኩ፤ እውነቱን ነው። የመክፈቻውን ጽሑፍ አላጠፋሁትም፤ ከሥሩ እርማቱን ጻፍኩ።

መልስ 3

በሁለት መስመር ምስጋና ብቻ ነው።

መልስ 4

ውይይቱን በሙሉ የያዘው ምሰሶ ይህ ነው። የጻፉት ሰው በአውሮፕላን ጥገና ረጅም ዘመን እንዳሳለፉ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተናግረዋል፤ ከዚያ በኋላ ሁላችንም ጋሼ እያልን ነው የጠራናቸው።

የአውሮፕላን እግር እንደ መኪና ጥቅል ሽቦ የለውም። በሲሊንደሩ ውስጥ ዘይትና ናይትሮጅን ጋዝ አለ። ጋዙ ታምቆ እንደ ምንጭ ሽቦ ይሸከማል፤ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ሲያልፍ የማረፊያውን ምት ይበላል። ስለዚህ መሬት ላይ የቆመ አውሮፕላን ከሲሊንደሩ ወጥቶ የሚታየው የዘንጉ ርዝመት ሁለት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ይናገራል፤ ምን ያህል ክብደት እንደተጫነበትና ምን ያህል ጋዝ እንዳለው። ቴክኒሻኑ ዘንጉን በማስመሪያ ይለካል፤ የጋዙን ግፊት በጌጅ ያነባል፤ ከዚያም ሁለቱን ቁጥሮች ከሠንጠረዥ ጋር ያስተያያል። ግፊቱ እንዲህ ሆኖ ዘንጉ ያን ያህል ካልወጣ ወይ ጋዝ ወይ ዘይት ጎድሏል ማለት ነው።

ቀጥለው የጻፉት ከማንም ሞዴል ሠሪ ሰምቼ አላውቅም። የግራና የቀኝ እግር እኩል ሆኖ ማየት ብርቅ ነው። ማቆሚያው ትንሽ ያዘነብላል፤ ነዳጅ አንዱን ክንፍ ቀድሞ ይሞላል፤ የዘንጉ ማሸጊያ ጎማም ሙጭጭ ብሎ ይይዛል። በዚህ መያዝ የተነሣ አውሮፕላኑ ነዳጅ እየተሞላና መንገደኛ እየገባ ለብዙ ደቂቃዎች ቁመቱን ሳይቀንስ ይቆይና ድንገት በአንድ ጊዜ ዝቅ ይላል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ መንገደኛ ይደነግጣል፤ የበረራ አስተናጋጆች ግን ለምደውታል። ስለዚህ ሁለቱም እግሮቹ በአንድ ሚሊሜትር የሚገጥሙ ሞዴል፣ ቁመቱ ትክክል ቢሆን እንኳ ለጋሼ ዓይን የውሸት ነው።

ስለ ጎማውም ጽፈዋል። 767 በሁለቱ ዋና እግሮቹ 8፣ በፊት እግሩ 2 ጎማዎች አሉት። ከክብደቱ ከ10 እጅ 9 ያህሉን የሚሸከሙት ዋናዎቹ ስለሆኑ፣ ሙሉ ጭነት ሲይዝ እያንዳንዱ ጎማ ከ20 ቶን በላይ ያርፍበታል። የሚነፋው በናይትሮጅን ነው፤ ግፊቱም በ200 ፒ.ኤስ.አይ. (ፓውንድ በስኩዌር ኢንች) አካባቢ ነው። ያም ሆኖ የጎማው ጎን በሙሉ ጭነት ከቁመቱ ወደ ሲሶ የሚጠጋ እንዲጨፈለቅ ተደርጎ ነው የሚሠራው። አንድ ጎሚስታ ያንን ጎማ መኪና ላይ ቢያየው ነፋስ ጎድሎታል ይል ነበር። በሞዴሎች ላይ የምናየው ክብ ጎማ የሚገኘው አውሮፕላኑ ሃንጋር ውስጥ በክሪክ ሲሰቀል ብቻ ነው።

መልስ 5

ይኸኛው ጸሐፊ ሞዴሉን ገና እንዳወረደ ፋይሉን ከፍቶ የሚያይ ዓይነት ሰው ነው፤ የበሽታውን ሥር ያሳየንም እሱ ነው። በማይክሮሶፍት ሲሙሌተሮች ውስጥ፣ በቆየው ኤፍ.ኤስ.ኤክስ.ም ሆነ በ2020ው፣ አውሮፕላኑ መሬትን የሚነካባቸው ነጥቦች በተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ተዘርዝረዋል። አንድ እግር አንድ መስመር ነው። በመስመሩ ላይ ቁጥሮች ተደርድረዋል፤ ነጥቡ ከአውሮፕላኑ መነሻ ስንት ጫማ ወደ ፊት፣ ወደ ጎን፣ ወደ ታች እንደሆነ፣ የጎማው ራዲየስ፣ መሪው የሚዞርበት አንግልና ሌሎችም። ከእነዚህ መካከል ሦስቱ ለእኛ ጉዳይ ወሳኝ ናቸው። አንደኛው አውሮፕላኑ ዝም ብሎ በቆመበት እግሩ ስንት ጫማ እንደሚታመቅ ይናገራል። ሁለተኛው እስከ መጨረሻው ሲታመቅ የዚያ ስንት እጥፍ እንደሚሆን ይወስናል። ሦስተኛው ንዝረቱ ቶሎ ይበርድ እንደሆነ ወይስ አውሮፕላኑ እንደ ኳስ ይነጥር እንደሆነ ይወስናል።

እኔ ባነሣሁት ሞዴል ላይ የመጀመሪያው ቁጥር ለምልክት ያህል ብቻ ተጽፎ አግኝቶታል፤ የአንድ ጣት ውፍረት እንኳ አይሞላም። ለምን እንደዚያ እንደተደረገም አስረዳ። የእግሩን እንቅስቃሴ የሚሠራው ሠዓሊው ነው፤ ቁጥሩን የሚጽፈው ሌላ ሰው ነው። ሠዓሊው እግሩን ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ጎማው መሬት እንደነካ አድርጎ ከሣለውና የመታመቁን እንቅስቃሴ ካልጨመረበት፣ ቁጥር ጸሐፊው ክብደት ልስጠው ባለ ጊዜ ጎማው አስፋልቱ ውስጥ ይሰምጣል። ከመስመጥ መቆም ይሻላል ብሎ ቁጥሩን ወደ ዜሮ ያስጠጋዋል። ሁለት ሰዎች ባለመነጋገራቸው አውሮፕላኑ በቁመቱ ሙሉ ተዘርግቶ ይቀራል። በገበያ ተቆልፈው በሚሸጡት ሞዴሎች ላይ ፋይሉ ስለማይከፈት ገዢው ማስተካከል እንደማይችልም አሳሰበ።

መልስ 6

ድምፁ እዚህ ላይ ተለወጠ። ጸሐፊው ይህን ሁሉ ጊዜ ማባከን ነው ብሎታል። ሲሙሌተር ለመብረር እንጂ ጎማ ሥር ተንበርክኮ ለመለካት እንዳልተሠራ፣ አብራሪው ከወንበሩ ሆኖ እግሩን እንደማያይ፣ ሞዴሉን በነፃ የሰጠ ሰው ምስጋና እንጂ ወቀሳ እንደማይገባው ጻፈ። የመጨረሻው ነጥቡ ትክክል ነው፤ የመክፈቻዬ ቃል ከሚገባው በላይ ጠንክሮ ነበርና ይቅርታ ጠይቄበታለሁ። በቀረው ግን አልስማማም። አብራሪ ከመነሣቱ በፊት አውሮፕላኑን በእግሩ ዞሮ የሚያየው፣ ከሚያያቸውም ነገሮች አንዱ ይኸው ዘንግ የሆነው በከንቱ አይደለም።

መልስ 7

ይህኛው ለ6ኛው የተሰጠ መልስ ነው፤ ሳይበዛም አልቀረም። ስድብ ስላለበት ይዘቱን ብቻ ልንገራችሁ። የእግሩ ቁመት የሚታየው ከውጭ ብቻ እንዳልሆነ፣ የአብራሪው ዓይን ከመሬት ያለውን ከፍታ፣ ሲነሣ ጅራቱ አስፋልት ከመንካቱ በፊት አፍንጫው ስንት ዲግሪ ሊቀና እንደሚችል ሁሉ የሚወስነው እግሩ እንደሆነ ተከራከረ። ይህ ክርክር ጠንካራ ነው። ቦይንግ 777-300ኢአር ሲነሣ ቦጊው እንደ ማንሻ እየሠራ አውሮፕላኑ በኋላ ጎማዎቹ ላይ እንዲቀና የሚያደርግ እግር የተሰጠው ገላው ረጅም ስለሆነና ጅራቱ እንዳይመታ ነው። ያንን እግር እንደ ተራ እግር የሠራ ሞዴል በመነሻው ሰዓት የተሳሳተ አውሮፕላን ነው፤ አብራሪው ከወንበሩ ባይነሣም። ነገሩ ያለ ስድቡ ቢነገር ኖሮ 6ኛው ጸሐፊ ያኔውኑ ይሰማው ነበር ብዬ አምናለሁ።

መልስ 8

ጸቡን ለማብረድ የገባ ሰው ነው፤ ያመጣውም ነገር ጠቃሚ ነው። ብዙዎቻችን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ሞዴል እንደማናገኝ፣ ትልልቆቹን ሲሙሌተሮች የሚሸከም ኮምፒውተርም በየቤቱ እንደሌለ አስታውሶ ፍላይትጊርን አነሣ። በነፃ የሚወርድና ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሲሙሌተር ነው። በውስጡ ከሚሠሩት የበረራ ስሌቶች አንዱ በሆነው ጄ.ኤስ.ቢ.ሲም ውስጥ እግሩ በግልጽ እንደ ምንጭ ሽቦ ይጻፋል፤ በአንድ ጫማ ስንት ፓውንድ እንደሚሸከም አንድ ቁጥር፣ ንዝረቱን ለሚያበርደው ሌላ ቁጥር፣ ለግጭቱም የየራሱ። ሒሳብ የሚወድ ተማሪ በወረቀት ላይ ሊያወጣው ይችላል። የክብደቱን ድርሻ መታመቅ ላለበት ጫማ ማካፈል ብቻ ነው። ከዚያም 20 ቶን ነዳጅ ሲጨመር አውሮፕላኑ ስንት ጣት ዝቅ እንደሚል አስቀድሞ ያውቃል። ጋሼ ቆየት ብለው የገቡት አንዲት እርማት ለማስገባት ነበር። ጋዝ እንደ ሽቦ በእኩል አይታመቅም፤ በታመቀ ቁጥር እየጠነከረ ይሄዳል፤ ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ቶኖች ከመጀመሪያዎቹ ያነሰ ዝቅታ ነው የሚያመጡት።

መልስ 9 እና 10

ከርዕስ ወጣን፤ ግን በጎ መውጣት ነበር። 9ኛው ጸሐፊ የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 1946 በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገበትን ዳግላስ ሲ-47 በሲሙሌተር ላይ አዲስ አበባ ያቆመዋል። ያ አውሮፕላን ሁለት ትልልቅ ጎማዎች ከፊት፣ አንዲት ትንሽ ጎማ ከጅራቱ ሥር ያለው፣ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ የሚቆም ነው። ችግሩ ሞዴሉ ሲሙሌተሩ ውስጥ ሲከፈት አንድ ሜትር ያህል ከአየር ላይ ወርዶ ጅራቱ አስፋልቱን በመምታቱ ነው። 10ኛው ስለ ችግሩ ምንም ሳይል፣ አያቱ በወጣትነታቸው በዳግላስ ሲሄዱ ከጅራት በር ገብተው ወደ ወንበራቸው ዳገት እንደሚወጣ ሰው ጎንበስ ብለው እንደተራመዱ ጻፈ። አቋቋም ማለት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ገላው ያዘነበለውን ያህል ሰውየው ያንን በጉልበታቸው አውቀውታል።

መልስ 11

ለ9ኛው ችግር መፍትሔ የሰጠው ይኸው ፋይል የሚከፍተው፣ የ5ኛው መልስ ጸሐፊ ነው። በፋይሉ ውስጥ አውሮፕላኑ ሲሙሌተሩ ውስጥ ሲከፈት የክብደት ማዕከሉ ከመሬት ስንት ጫማ ከፍ ብሎ እንደሚቀመጥና አፍንጫው ስንት ዲግሪ ቀና እንደሚል የሚናገሩ ሁለት መስመሮች አሉ። እነዚህ ቁጥሮች እግሩን አያለሰልሱም፤ ሲሙሌተሩ አውሮፕላኑን መጀመሪያ የት እንደሚያስቀምጠው ብቻ ነው የሚነግሩት። ከእግሩ ቁጥሮች ጋር ካልተስማሙ አውሮፕላኑ ከላይ ይወድቃል ወይም ከመሬት ይፈነጠራል። አውሮፕላኑ ተረጋግቶ ከቆመ በኋላ ያለውን ቁመትና አንግል አንብቦ እዚያው መጻፍ ይበቃል። በጅራት ጎማ ላይ ለሚቆሙት በተለይ አንግሉን መርሳት አይገባም።

መልስ 12

አንድ አዲስ ገቢ ትልልቅ አውሮፕላኖች ሁሉ ገላቸው ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ እንደሚቆም በልበ ሙሉነት ጽፎ፣ የኤርባስ ኤ330 ሞዴሉ አፍንጫው ዝቅ ብሏልና ስህተት ነው አለ።

መልስ 13

የተሰጠው እርማት አጭርና ስለታም ነበር። ኤ330 በእውነትም አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ነው የሚቆመው። ማስረጃው ደግሞ የዕቃ ማመላለሻው ኤ330-200ኤፍ ነው። ጭነት ወለሉ ላይ እየተገፋ ስለሚገባ ወለሉ ማዘንበል የለበትም፤ ስለዚህ ኤርባስ በጭነት ሞዴሉ ላይ የፊት እግሩ የሚያያዝበትን ቦታ ዝቅ አደረገው። ከዚያም የታጠፈው እግር ከገላው ስለሚተርፍ ከአፍንጫው ሥር እብጠት የመሰለ ሽፋን ተሠራለት። ያ እብጠት እስከ ዛሬ በፎቶግራፍ ይታያል። የ12ኛው ጸሐፊ አመስግኖ ሄደ፤ እንዲህ ያለ ጨዋነት በዚህ ቤት አልፎ አልፎ ነው የምናገኘው።

መልስ 14

ይህ በግሌ ከሁሉ የወደድኩት ነው፤ ስለ 767 ቦጊ ወደ ዋናው ጥያቄ መለሰን። ሲሙሌተሩ አራቱን ጎማዎች አያውቃቸውም፤ ለእሱ አንድ እግር አንድ ነጥብ ነው። ነጥቡ ቦጊው ጠፍጣፋ ሆኖ ጎማዎቹ በሚደርሱበት ቁመት ከተጻፈ፣ ለማረፍ ሲቃረብ ወደ ታች የተደፉት የፊት ጎማዎች ከነጥቡ በታች ይወርዳሉ። በመሆኑም መሬት በነካ ቅጽበት ጎማዎቹ አስፋልቱን በስተው ይገባሉ። ጸሐፊው ያገኘው መላ ነጥቡን ወደ ዝቅተኞቹ ጎማዎች ደረጃ ማውረድ ነው። ከዚያ ከመታመቁ የመጀመሪያው ክፍል ቦጊውን እንዲያቀና፣ የቀረው ብቻ ዘንጉን እንዲያሳጥር እንቅስቃሴውን ከሠዓሊው ጋር ማስማማት ይቀራል። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹ አስፋልቱን ይነካሉ፣ ጭስ ይወጣል፣ ቦጊው ይቀናል፣ ከዚያ አውሮፕላኑ በሾኩ ላይ ይሰፍራል። ጉድለቱንም አልደበቀም። ክንፉ ገና እየተሸከመ በለስላሳ ማረፊያ ላይ ቦጊው ከእውነተኛው ዘግይቶ ይቀናል፤ አንድ ነጥብ የሁለት ነገሮችን ሥራ ሲሠራ ይህ አይቀርም።

መልስ 15

ጋሼ እንደገና ገቡ። የቦጊው ዘንበል ጌጥ እንዳልሆነ አስረዱ። በ767 ላይ ቦጊው መቅናቱን የሚያይ መቆጣጠሪያ አለ፤ አውሮፕላኑ መሬት ላይ መሆኑን የሚያውቀው በዚያ ነው። አብራሪው አስቀድሞ ካዘጋጃቸው በክንፉ ላይ ያሉት የፍጥነት መስበሪያ ሳንቃዎች ካረፈ በኋላ በራሳቸው የሚነሡት ቦጊው ሲቀና ነው። ስለዚህ ቦጊው በሞዴሉ ላይ በተሳሳተ ሰዓት ከቀና፣ ወይም ጭራሹን የማይቀና ከሆነ፣ የአውሮፕላኑ አሠራር ከሚታየው ነገር ጋር ይጣላል። እዚህ ላይ የ6ኛው ጸሐፊ ክርክር በእኔ በኩል አበቃለት።

መልስ 16

አንድ ሰው ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ መሆኑን አንሥቶ ስለ ጎማ ጠየቀ። አየሩ ስስ ስለሆነ፣ በፍጥነት ማሳያው ላይ ያው ቁጥር ሲነበብ አውሮፕላኑ በመሬት ላይ የሚሮጠው ከባሕር ወለል ይልቅ ከአሥር በመቶ በላይ ፈጥኖ ነው፤ በሞቃት ቀንማ ይብሳል። የአውሮፕላን ጎማ የፍጥነት ገደብ ስላለው ይህ በመነሻ ስሌት ውስጥ ይገባል። ጥሩ ጉዳይ ነው፤ የራሱ መድረክ ቢከፈትለት ይሻላል።

መልስ 17

የሞዴሉ ሠሪ ራሱ መጣ። እንደሚቆጣ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጣም። እግሩን የቀረጸው ከፎቶግራፍ እንደሆነ፣ ዘንጉ ጥርት ብሎ የሚታይባቸው ፎቶግራፎች ደግሞ ብዙዎቹ አውሮፕላኑ በክሪክ ተሰቅሎ ወይም በአየር ላይ ሳለ የተነሡ እንደሆኑ ገለጸ። ማለት ስህተቱ የገባው ከዓይኑ ስንፍና ሳይሆን ከምንጩ ነው። ቦይንግም ኤርባስም ለአየር ማረፊያ ግንባታ ባለሙያዎች የሚያወጡት ሰነድ እንዳለና፣ በዚያ ውስጥ የበሮቹ፣ የሞተሮቹ፣ የክንፍ ጫፎቹና የጅራቱ ከፍታ ከመሬት ዝቅተኛና ከፍተኛ ሆኖ በሠንጠረዥ እንደተቀመጠ የነገርነው እኛ ነን። አንድ በር በቀላልና በከባድ ጭነት መካከል ምን ያህል እንደሚወርድ ካወቀ የእግሩን ቁጥር ከዚያ ማውጣት ይችላል። በሁለት ቀን ውስጥ አዲሱን ፋይል ላከልን።

መልስ 18

ከአሜሪካ የሚጽፍ ወንድማችን አዲሱን ፋይል በታላቅ በረራ ፈተነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 1984 የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ 767-200ኢአር ከዋሽንግተን ተነሥቶ ሳያርፍ አዲስ አበባ የገባበትን፣ ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውንና በጊዜው ለባለ ሁለት ሞተር ጄት የርቀት ክብረ ወሰን የነበረውን ጉዞ ነው የደገመው። የተጠቀመው 767-300 ስለሆነ ታሪኩን በሙሉ እንዳልደገመ አልካደም። በመነሻው ነዳጁ ሞልቶ ዘንጉ ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ ጥቂት ብቻ ይታያል፤ ከ13 ሰዓታት በላይ ቆይቶ ቦሌ ላይ ሲቆም ነዳጁ ተቃጥሎ አልቆ ዘንጉ በርዝመቱ ወጥቷል። ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ለጠፋቸው። አንድም ቃል አልጨመረም፤ የሚያስፈልግም አልነበረም። በመክፈቻው ላይ ልል የፈለግኩት ይህንን ነበር።

መልስ 19

የ6ኛው ጸሐፊ ተመለሰ። ስለ ቀድሞው ክርክር ምንም ሳይል፣ የእሱ 737 ሲሙሌተሩ ውስጥ በተከፈተ ቁጥር ለምን እንደሚፈነጠር ጠየቀ። ወደ 11ኛው መልስ መራሁት።

መልስ 20

ጋሼ አዲሱን ፋይል ልጃቸው ኮምፒውተር ላይ እንዳዩት ጻፉ። ዋና እግሮቹን አመሰገኑ፤ የግራው ከቀኙ በጥቂቱ እንዲለይ መደረጉንም ወደዱት። የፊት እግሩ ግን ገና ረዝሟል አሉ። ነዳጅ ሲሞላ ዋናዎቹ ይወርዳሉ፤ የፊቱ ድርሻውን ሳይወርድ ስለሚቀር አፍንጫው ቀስ በቀስ ቀና ይላል። ከፍቼ አየሁት፤ እንደተባለው ነው፤ በ40 ቶን ነዳጅ ላይ በግልጽ ይታያል። የፊት እግሩን መስመር ዛሬ ማታ ከሠሪው ጋር አብረን እንከፍታለን፤ ጋሼም ከሌሊት ፈረቃቸው ሲወጡ፣ ገና ሳይሞቅ፣ ናይትሮጅኑ በብርድ ተጨማድዶ ዘንጉ ዝቅ ባለበት ሰዓት ለመለካት ቃል ገብተዋል።